ጨው የሚፈትነው የኪስ መሣሪያ፦ በዱባይ፣ በሻርጃህና በአጅማን ዳርቻ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ምን ይምረጥ?

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅና የቀኑ ሙቀት ረገብ ሲል፣ ከዱባዩ አል ማምዛር ተነሥቶ በሻርጃህ አል ኻን በኩል እስከ አጅማን ኮርኒሽ በሚዘልቀው የባሕር ዳርቻ ማጥመጃ ዘንግ የያዙ ሰዎች መታየት ይጀምራሉ። ቀኑን በግንባታ ሥፍራ፣ በሱቅ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በመኪና መሪ ላይ ያሳለፉ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ናቸው። ባልዲያቸውን አስቀምጠው፣ መንጠቆአቸው ላይ ሽሪምፕ ወይም የተቆረጠ ዓሣ ሰክተው፣ ክራቸውን ወርውረው በትዕግሥት ይጠባበቃሉ። ስለ ዘንግ፣ ስለ ክርና ስለ መንጠቆ ብዙ ይጨዋወታሉ። ብዙዎቹ የሚዘነጉት ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዓሣው ከውኃ ከወጣ በኋላ እጃቸው የሚይዘው መሣሪያ ነው።

ጉዳዩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዓሣው በአለቱ ላይ ሲንፈራገጥ፣ መንጠቆው በመንጋጋው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር፣ የአጥማጁ አንድ እጅ ዓሣውን ይዟል፤ ለሥራ የቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ እርሱም እርጥብና የሚያዳልጥ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይወሰናሉ። ዓሣው ከተፈቀደው መጠን በታች ከሆነ በሕይወት ወደ ባሕር መመለስ አለበት። መርዛም እሾህ ካለው የአጥማጁ እጅ አደጋ ላይ ነው። ክሩ ተቆርጦ ባሕር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ለኤሊና ለባሕር ወፍ ወጥመድ ይሆናል። በኪስ የሚያዝ፣ ፒንሳ፣ ቢላዋ፣ መቀስና ሽቦ መቁረጫ በአንድነት የተሰናዱበት ሁለገብ መሣሪያ ዋጋው የሚለካው በዚህች ጊዜ በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ከዕንቁ ጠላቂዎች እስከ ዘመናዊው ፒንሳ

በዚህ ዳርቻ ሰው ከባሕር ጋር ሲኖር ጥቂት መሣሪያ ይዞ ብዙ ሥራ መሥራትን የተማረው ገና ድሮ ነው። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የአካባቢው ሕዝብ መተዳደሪያ የነበረው የዕንቁ ጠለቃ ይህን ይመሰክራል። ጠላቂው አፍንጫውን የሚቆነጥጥበት ፈጣም የተባለ መያዣ፣ የዕንቁ ዛጎል የሚሰበስብበት በአንገት የሚንጠለጠል መረብ፣ ወደ ታች የሚያወርደው የእግር ክብደትና የሚጎተትበት ገመድ ነበሩት። መርከቡ ላይ ዛጎሉ የሚከፈተው በቢላዋ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹም ጋርጉር የሚባለውን ጉልላት መሰል የሽቦ ወጥመድ በእጃቸው ይጠልፉ ነበር። በሻርጃህ አል ኻን የሚገኘው የሻርጃህ የባሕር ሙዚየም ይህን ቅርስ ለጎብኚ ያሳያል። አጅማንም በእንጨት ጀልባ ግንባታ ሙያዋ የታወቀች ናት።

የዘመናዊው የኪስ መሣሪያ ታሪክ ግን ከዚህ ባሕር ርቆ፣ ባሕር በማያውቃት በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ይጀምራል። ካርል ኤልዝነር የተባለው የቢላዋ ሠሪ በ1884 በኢባኽ ከተማ ሥራውን ከፍቶ፣ በ1891 ለአገሩ ጦር የወታደር ቢላዋ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውንና ተጨማሪ ስለቶች ያሉትን የመኮንኖች ቢላዋ በሕግ አስመዘገበ። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ እየተባለ የሚጠራው ኩባንያ ስሙን ያገኘው ከኤልዝነር እናት ከቪክቶሪያ ስምና ዝገት የማይነካው ብረት በፈረንሳይኛ ከሚጠራበት ቃል ነው። ብረቱ ስም እስከ መሆን የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኪስ ቢላዋ ቀንደኛ ጠላት ዝገት ነውና።

ያ ቢላዋ ብዙ ስለት ቢኖረውም ጠንካራ ፒንሳ አልነበረውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው ሐሳብ ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ግንኙነት አለው። ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአንዲት አሮጌ ፊያት 600 መኪና በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ ይጓዝ ነበር። መኪናዋ በየመንገዱ ትበላሻለች፤ ያረፉባቸው ሆቴሎች የውኃ ቧንቧም ያፈስሳል። በኪሱ የነበረው የስካውት ቢላዋ ለብዙ ነገር ቢጠቅመውም፣ የሚይዝና የሚያጠብቅ ፒንሳ ባለመኖሩ ተቸገረ። ወደ አገሩ ተመልሶ ለዓመታት ሲሞክር ቆየ፤ በ1983 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ከባልደረባው ጋር ኩባንያ መሥርቶ የመጀመሪያውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ብዙ ሰው ማንኛውንም ባለፒንሳ የኪስ መሣሪያ በደፈናው «ሌዘርማን» ብሎ ይጠራዋል።

የባሕረ ሰላጤው ጨው

የኪስ መሣሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚሠራበት ውኃ ጠባይ ነው። በጣና፣ በዝዋይ ወይም በጫሞ ሐይቅ ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ ሰው ይህን ነጥብ በቸልታ ሊያልፈው ይችላል። በእነዚያ ሐይቆች አንድ ተራ ሰንጢ በጨርቅ ተጠርጎ ብቻ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ያው ሰንጢ በዱባይ ዳርቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡናማ ነጥብ ያወጣል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ አልከፈት ይላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዓለም ውቅያኖሶች ውኃ በአማካይ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። የአረብ ባሕረ ሰላጤ ግን ጥልቀቱ በአማካይ 35 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ በበረሃ የተከበበና ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በጠባቡ የሆርሙዝ ወሽመጥ በመሆኑ፣ ፀሐይ የምታተንነው ውኃ ብዙ ነው፤ ከወንዝ የሚገባለት ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጨዉ 40 ግራም ይደርሳል፤ በአንዳንድ ሥፍራም ከዚያ ያልፋል። በበጋ የባሕሩ ወለል ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑና አየሩ በእርጥበት መሞላቱ የብረቱን መበላት ያፋጥነዋል።

ዝገት የማይነካው የሚባለው ብረት ከዝገት የሚድነው በውስጡ ባለው ክሮሚየም ምክንያት ነው። መጠኑ ከ10.5 በመቶ በላይ ሲሆን ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋህዶ በብረቱ ገጽ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር እንኳ አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ያድሳል። የባሕር ጨው ግን ይህን ሽፋን በጥቃቅን ነጥቦች ይበሳዋል። ከሁሉ የሚከፋው አየር የማይደርስበት ጠባብ ስንጥቅ ነው። ሁለገብ የኪስ መሣሪያ ደግሞ ከነተፈጥሮው የስንጥቆች ስብስብ ነው። ስለቶቹ ጎን ለጎን ተጠግተው ይታጠፋሉ፤ በማጠፊያ ምሰሶው ዙሪያ የገባ የጨው ውኃ በቀላሉ አይወጣም። መሣሪያው በውጭው እያብረቀረቀ በውስጡ የሚዝገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ብዙ ስለት ያለው መሣሪያ ብዙ ስንጥቅ ያለው መሣሪያ ነው። ሃያ ሥራ እሠራለሁ ከሚለው ይልቅ አምስቱን በሚገባ የሚሠራና ለመታጠብ የሚመቸው ለባሕር ይሻላል። ሁለተኛ፣ «ዝገት አይነካውም» የሚለው ጽሑፍ ዋስትና ሳይሆን የመጠበቅ ግዴታ ነው። ቢላዋ ስለቱ እንዲበረታ ካርቦን ይጨመርበታል፤ ካርቦኑ ሲበዛ ደግሞ ዝገትን የመቋቋም ኃይሉ ይቀንሳል። በካርቦን ፈንታ ናይትሮጅን የሚገባባቸው፣ ለባሕር ሥራ ተብለው የተዘጋጁ የብረት ዓይነቶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ቲታኒየም በባሕር ውኃ አይዝግም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ለመያዣው እንጂ ለስለቱ አይደለም። ጥቁር ቅብ ያለው መሣሪያ ለዓይን ቢያምርም፣ አንዳንዱ ቅብ በጨው ውኃ ፊት የሚቆመው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ሲመረጥ ምን ይታይ?

የመጀመሪያው መመዘኛ አፍንጫው ነው። ለዓሣ የሚሆነው ፒንሳ ረጅምና ቀጭን አፍንጫ ያለው ነው፤ ምክንያቱም መንጠቆው የሚገኘው በዓሣው አፍ ውስጥ እንጂ በከንፈሩ ላይ ብቻ አይደለም። አጭርና ወፍራም አፍንጫ ያለው ፒንሳ ለቧንቧ ጥሩ ቢሆንም የዓሣውን መንጋጋ ይቀድዳል። ገዢው ፒንሳውን ዘግቶ ወደ ብርሃን ያንሣው፤ ጫፎቹ ሳይዛነፉ መገጣጠማቸውን ይመልከት። ስስ ክር ነክሶ መያዝ የማይችል ጫፍ ትንሽ መንጠቆም አይዝም።

ሁለተኛው በአንድ እጅ መከፈቱ ነው። ሱቅ ውስጥ በደረቅ እጅ፣ በሁለት እጅ ከፍቶ መግዛት ብዙዎችን ያሳስታል። ትክክለኛው ፈተና ግራ እጅን ከኋላ አድርጎ፣ የቀኙን ጣቶች አርጥቦ መሞከር ነው። ገርበር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሚሠራቸው መሣሪያዎች መካከል በእጅ ውርወራ ብቻ የፒንሳው አፍንጫ ተንሸራትቶ የሚወጣ ዓይነት አለ። በሌሎች መሣሪያዎች ደግሞ ቢላዋው መያዣው ሳይከፈት ከውጭ በአውራ ጣት ይወጣል። ባለሱቁ እንዲህ ያለውን ሙከራ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ መፈለግ ይሻላል።

ሦስተኛው መቁረጫው ነው። ክር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ናይለን ክር በማንኛውም ስለት ይቆረጣል። ከብዙ ጥቃቅን ፈትል የተጠለፈው ክር ግን ለስላሳና ብርቱ በመሆኑ በለጋ ስለት ላይ ይንሸራተታል፤ ለእርሱ ስለቱ የጠበቀ መቀስ ወይም ጥርሳም ቢላዋ ያስፈልጋል። እንደ ከንዓድ ያለ ጥርሱ ስለታም ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ከመንጠቆው በላይ ሽቦ ስለሚያስር፣ ሽቦ መቁረጫው ጠንካራ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ መቁረጫው የመንጠቆውን ብረት ራሱን መቁረጥ መቻሉ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የመቁረጫው ስለት ሲጎዳ የሚለወጥባቸው ሞዴሎች ለባሕር ሰው ተመራጭ ናቸው።

አራተኛው መቆለፊያው ነው። ቢላዋው ሲከፈት በቦታው ተቆልፎ የማይቀር ከሆነ፣ በእርጥብ እጅ ሲሠራበት በጣት ላይ ሊታጠፍ ይችላል። አምስተኛው ማንጠልጠያው ነው። በአለት ላይ ወይም በጀልባ ጠርዝ ቆሞ የሚሠራ ሰው መሣሪያውን አንድ ቀን መጣሉ አይቀርም፤ ብረት ደግሞ አይንሳፈፍም። ገመድ የሚታሰርበት ቀዳዳ ያለውን መምረጥ ዋጋውን ሁሉ ያድናል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት ተጨማሪዎች ናቸው። የመንጠቆ ጫፍ የሚሳልበት ትንሽ ሞረድ ይጠቅማል። የመንኮራኩሩን ብሎን የሚያጠብቅ ካቻቢቴም እንዲሁ። በጎኑ ላይ የሴንቲ ሜትር መለኪያ የተቀረጸበት መሣሪያ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። ቪክቶሪኖክስ ለዓሣ አጥማጆች ብሎ ባዘጋጀው የኪስ ቢላዋ ላይ ቅርፊት መፋቂያ፣ መንጠቆ ማውጫና መለኪያ በአንድ ስለት ላይ ተደርገው ይገኛሉ። ይህ መሣሪያ ቀላልና ለትንንሽ ዓሣ በቂ ነው፤ ትልቅ ዓሣ ለሚያጠምድ ግን ባለፒንሳው ይሻለዋል።

አዘውትሮ በጀልባ የሚወጣና የሚያጠምደው ዓሣ ትልልቅ የሆነ ሰው ለዓሣ ብቻ የተሠራውን ረጅም የአሉሚኒየም ፒንሳ በወገቡ ይዞ፣ ሁለገቡን በኪሱ እንደ መጠባበቂያ ቢያደርገው መልካም ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከዳርቻ ለሚያጠምድ ግን አንድ ጥሩ ሁለገብ መሣሪያ ይበቃዋል።

ስለ ግዢ ጥቂት መጨመር ይገባል። በዴራ የሃርድዌር ሱቆችም ሆነ በትልልቅ የገበያ ማዕከላት ተመሳሳይ የሚመስሉ መሣሪያዎች ዋጋቸው እጅግ ተራርቆ ይገኛል። የታወቀ ስም ያለበት ሆኖ ዋጋው ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ከሆነ መጠራጠር ተገቢ ነው። ስሙ የተቀረጸበት ፊደል ድፍርስ መሆኑ፣ ስለቶቹ ሲከፈቱ ወደ ጎን መወዛወዛቸው፣ የዋስትና ወረቀት አለመኖሩ የአስመሳይ ምርት ምልክቶች ናቸው። በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ፣ ስሙን ያልሰረቀ ሐቀኛ መሣሪያ ከአስመሳዩ ይሻላል።

የመመለስ ጥበብ

መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ዋናው ጥያቄ አጠቃቀሙ ነው። በኤምሬትስ ዓሣ ማጥመድ ሕግ ያለው ተግባር ነው። የ1999 የፌዴራል ሕግ ቁጥር 23 በአገሪቱ ውኃ ውስጥ ያሉ ሕያው ሀብቶች የሚጠበቁበትንና ጥቅም ላይ የሚውሉበትን ሥርዓት ይደነግጋል። ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰውም ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ማውጣት፣ የተከለከሉ ሥፍራዎችን ማክበርና ከተወሰነው መጠን ያነሰ ዓሣ ወደ ባሕር መመለስ አለበት። ሻዕሪና ሳፊ የተባሉት ተወዳጅ ዓሦች በሚራቡበት ወቅት ማለትም ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ እንዳይጠመዱና እንዳይሸጡ በሚኒስቴር ውሳኔ ሲከለከል ቆይቷል። ባሕር ግን ወቅት አይጠይቅም፤ መንጠቆ የተከለከለውንም የተፈቀደውንም ይይዛል። ስለዚህ የመመለስ ችሎታ ለአጥማጅ ከመያዝ ችሎታ እኩል አስፈላጊ ነው።

የሐሙር ታሪክ ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በኤምሬትስ ገበታ ላይ ከሁሉ የሚከበረው ይህ ዓሣ በዝግታ የሚያድግና ረጅም ዕድሜ የሚኖር ነው። ሲወለድ ሴት ሆኖ ይኖርና ሲተልቅ ወደ ወንድነት ይለወጣል። እንግዲህ ትልልቆቹ ብቻ ሲለቀሙ ወንዶቹ ያልቃሉ፤ ትንንሾቹ ሲያዙ ደግሞ ገና ያልወለዱ እናቶች ይጠፋሉ። በዱባይ የውኃ ዳርቻ ገበያ፣ በሻርጃህ ሱቅ አል ጁባይል ወይም በአጅማን የዓሣ ገበያ ነገ የሚታየው ሐሙር፣ ዛሬ አንድ አጥማጅ በሚገባ መንጠቆውን አውጥቶ የመለሰው ትንሽ ሐሙር ነው።

የመመለሱ ሥራ ዓሣው ከመያዙ በፊት ይጀምራል። በመንጠቆው ጫፍ ላይ ዓሣው እንዳያመልጥ የሚከለክል፣ ወደ ኋላ የዞረ ትንሽ እሾህ አለ። ያን እሾህ በፒንሳው ጨፍልቆ ማስተኛት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ክሩን ሳያላላ የሚጎትት አጥማጅ በዚህ የሚያጣው ዓሣ ጥቂት ነው፤ መንጠቆውን ለማውጣት ግን እጅግ ይቀልለዋል። መንጠቆው የእጁን ጣት ቢወጋም እንዲሁ በቀላሉ ይወጣል።

ዓሣው ሲወጣ እጅን አስቀድሞ በባሕር ውኃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ደረቅ እጅና የጋለ አለት ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፉታልና። በስንጥቡ ውስጥ ጣት ማስገባት አይገባም። የፒንሳው አፍንጫ መንጠቆው ከታጠፈበት ቦታ ላይ ይይዛል፤ ከዚያም በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይወጣል። ወደ ጎን መጠምዘዝ መንጋጋውን ይሰብራል። መለኪያውም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ዓሣው ከአጠገቡ ተለክቶ፣ ካነሰ ወዲያው ይለቀቃል።

ዓሣው መንጠቆውን ወደ ሆዱ ውጦት ከሆነ ፒንሳው መግባት የለበትም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው መቀሱ ነው። ክሩን በተቻለ መጠን ወደ አፉ አስጠግቶ ቆርጦ መልቀቅ፣ መንጠቆውን በግድ ጎትቶ ከማውጣት የተሻለ የመኖር ዕድል ለዓሣው ይሰጣል። ክብ ቅርጽ ያላቸው መንጠቆዎች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት በአፍ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ይህ ችግር እንዲቀንስ ያደርጋሉ።

የተቆረጠው ክር ወዴት ይሂድ? ይህም የመሣሪያው ባለቤት ኃላፊነት ነው። ናይለን ክር በባሕር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። በ2004 በተመሠረተው የዱባይ የኤሊዎች ማገገሚያ ፕሮጀክት ታክመው ወደ ባሕር የተመለሱት ኤሊዎች ቁጥር ከ2,000 በላይ ነው፤ ኤሊዎችን ከሚጎዷቸው ነገሮች መካከል የተጣለ ክርና መረብ ይገኙበታል። አሮጌ ክር አለት ላይ ተጠላልፎ ሲገኝ በመቀሱ ቆራርጦ በከረጢት መሰብሰብ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው። በአጅማን አል ዞራህ የማንግሮቭ ጥበቃ ሥፍራ ለሚያርፉት ፍላሚንጎዎችና ለሌሎች ወፎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እጅ ሲወጋ

መሣሪያው ከዓሣው ይልቅ ለአጥማጁ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ሳፊ በጀርባውና በሆዱ በኩል መርዛም እሾሆች አሉት፤ የባሕር አምባዛም እንዲሁ። እነዚህን ዓሦች በባዶ እጅ ጨብጦ መንጠቆ ለማውጣት መሞከር ከባድ ሕመም ያስከትላል። ረጅሙ ፒንሳ እዚህ ላይ በእጅና በእሾህ መካከል ያለ ርቀት ነው። ሰው ከተወጋ የተወጋውን አካል ሊታገሡት በሚቻል፣ ነገር ግን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ማቆየት ሕመሙን ያስታግሳል፤ የውኃው ሙቀት ከ45 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ከዚያም ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

መንጠቆ የሰው ሥጋ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚደረገው ክሩን መቁረጥ ነው፤ ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ቁስሉ እንዳይሰፋ። መንጠቆው ዓይን አጠገብ፣ ፊት ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ወይም ጠልቆ ከገባ፣ ባለበት ሳይነካ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። መቁረጫው የመንጠቆን ብረት የሚቆርጥ መሆን አለበት የተባለው ለዚህ ነው። ሦስት መንጠቆ በአንድ ላይ የታሰረበት ማጥመጃ ሰውን ሲወጋ፣ ያልወጉትን ሁለቱን ቆርጦ ማስወገድ ተጎጂውን በመንገድ ላይ ከሁለተኛ ጉዳት ያድነዋል። ዓሣ ሲያርዱበት በዋሉት ቢላዋ ሥጋ ቀዶ መንጠቆ ለማውጣት መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም። በሞቃት የባሕር ውኃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በትንሽ ቁስል ገብተው ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ያስከትላሉ፤ በተለይም የጉበት በሽታ ወይም የስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወቅቱን የጠበቀ መሆኑም መታየት አለበት። በኤምሬትስ አምቡላንስ በ998፣ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በ996 ይጠራሉ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ስልክ ላይ መዝግቦ መያዝ መሣሪያውን ከመያዝ አይለይም።

ከባሕር ሲመለሱ

የጥሩ መሣሪያ ዕድሜ የሚወሰነው ቤት ከተደረሰ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ነው። ስለቶቹ ሁሉ ተከፍተው በሞቀ የቧንቧ ውኃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና መታጠብ አለባቸው። በማጠፊያው ውስጥ የተሰገሰገው ጨውና ቅርፊት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። ከታጠበ በኋላ ተከፍቶ እንዳለ በነፋስ ይደርቃል፤ እርጥብ ሆኖ ተዘግቶ በቆዳ ኪሱ ውስጥ ከገባ መታጠቡ ከንቱ ነው፤ ቆዳው ራሱ እርጥበቱንና ጨዉን ይዞ ያቆየዋልና። ለባሕር የሚሻለው ውኃ የሚያሳልፍ የናይለን ኪስ ነው፤ እርሱም አብሮ ይታጠባል። ሲደርቅ በየማጠፊያው አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ያስፈልጋል። ቢላዋው ምግብ የሚነካ ስለሆነ ዘይቱ ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ ማዕድናዊ ዘይት ቢሆን ይመረጣል። የወጥ ቤት ዘይት ግን ቆይቶ ይጣበቃል፤ አይበጅም። ቡናማ ነጥብ ከታየ ሳይውል ሳያድር በለስላሳ መፈግፈጊያ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ከቆየ ብረቱን ይበሳዋል።

ሌላው መርሳት የማይገባው ቢላዋ ያለበት መሣሪያ በሁሉም ሥፍራ የማይገባ መሆኑ ነው። ከባሕር መልስ ወደ ገበያ ማዕከል፣ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ዝግጅት የሚያመራ ሰው መሣሪያውን ከማጥመጃ ዕቃው ጋር ትቶ መሄድ አለበት። ለዓመት ፈቃድ ወደ አዲስ አበባ የሚበርና ለወንድሙ ወይም ለአባቱ ስጦታ የሚይዝ ሰውም መሣሪያውን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማድረግ እንጂ በእጅ ቦርሳ መያዝ አይችልም፤ በፍተሻ ላይ ይወሰድበታልና። በዚህ ባሕር ጨው ተፈትኖ ያልዛገ መሣሪያ በጣናም ሆነ በጫሞ ላይ ለረጅም ዘመን እንደሚያገለግል ግን ሰጪው በእርግጠኝነት መናገር ይችላል።

ምሽቱ ሲገፋ በአል ኻን አለቶች ላይ የባትሪ መብራቶች ይበራሉ። አንድ ክር ይወጠራል፤ ጥቂት ሰዎች ዘወር ይላሉ። የወጣው ዓሣ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ሐሙር ነው። አጥማጁ እጁን በውኃ ያረጥባል፤ በሌላው እጁ ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ ይከፍታል፤ መንጠቆውን ይዞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ዓሣው ውኃው ላይ ለአፍታ ቆሞ ጅራቱን አንዴ አወዛውዞ ወደ ጨለማው ይጠልቃል። መሣሪያው ተጠርጎ ወደ ኪስ ይመለሳል። ከመግዛቱ እስከ መታጠቡ የተደከመበት ሁሉ ለዚህች ጥቂት ሰከንድ ነው።